ከቤት ደጅ የተተከለ ኮሌጅ፤ ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ኽምራ ልጆች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የቆቦንና የአላማጣን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ አቀበት ከወጣ በኋላ ኮረም ይደርሳል። ከኮረም ፊቱን ወደ ምዕራብ ሲመልስ ወደ ዋግ ይገባል። ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ ሸለቆው ከሸለቆ ተያይዞ ስለሚታይ መንገዱ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጥልቅ የሚወስድ ይመስላል። በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ዞሮ ዞሮ ወደ ተከዜ ይገባል። በዚህ አገር ዛፉ ጥቂት፣ ድንጋዩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በየጉብታው ላይ በአጸድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ስለሚገኝ፣ ዓይን የሚያርፍበት ልምላሜ ፈጽሞ አይታጣም።

ሰቆጣ የዚህ አገር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ደጋውንና ቆላውን ታገናኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሞሌ ጨው ጭነው ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች ከደቡብና ከምዕራብ ከሚመጡት ጋር የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች። የዋግ ሹሞችም መቀመጫ ስለ ነበረች በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ ይነሣል። ዋግ ሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም የጣልያንን ወራሪ ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. ስለ አገራቸው ነፃነት ወድቀዋል። የአገሩ ሕዝብ ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛ ይናገራል። ይህም ቋንቋ ከአዊና ከብሌን ቋንቋዎች ጋር ከአንድ የአገው ግንድ የወጣ ነው።

ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባለው፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህን ሥራ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ ስለ ሠሪዎቹ እምነት ያስባል፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ነገር ግን እምነት ብቻውን አለቱን አልፈለፈለውም። ድንጋዩ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ ምን ያህል ሲነሣለት እንደሚጸና፣ ምሰሶው ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ መስኮቱ ከየት ብርሃን እንደሚቀበል አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበረ። ያ ሰው የተማረ ሰው ነበረ፤ ትምህርቱ ግን በእጁ ውስጥ ነበር። ስለ ዋግ ልጆች ትምህርት ለማሰብ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን ከዚህ አለት ቢጀምር አይሳሳትም።

የዋግ ኑሮ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ዝናሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ፈጥኖም ይሄዳል። በዳገት ላይ የሚታረሰው መሬት አፈሩን ለጎርፍ እየሰጠ ሳስቷል። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይህን አገርና አካባቢውን እጅግ የጐዳ እንደ ነበረ አረጋውያን ዛሬም ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ገብቶ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዕቃም ጠፋ። እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ወጣት ዓይኑ ወደ ሩቅ ቢመለከት አይፈረድበትም። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ሌላው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ለመድረስ ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። በየቤቱ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ልጅ ከቀዬው ሳይርቅ ሰው የሚሆንበት መንገድ አለን?

መንገዱ አለ ለማለት የሚያስችል አንድ ነገር በሰቆጣ ይገኛል። ከተማዋ ስለ መንግሥት ኮሌጆች ሲነገር ብዙ ጊዜ አትጠራም፤ ነገር ግን መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅና የቴክኒክ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ አላት። እንደ ዩኒቨርሲቲ ታላቅ ስም የላቸውም። ከመላ ኢትዮጵያ ተማሪ ይሰበስቡ ዘንድም አልተተከሉም። የተተከሉት በዙሪያቸው ላለው ሕዝብ ነው፤ ክብራቸውም በዚህ ነው።

በውጭ አገርም እንዲህ ያለ ኮሌጅ የታወቀ ታሪክ አለው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓመት በስድስት ተማሪዎች ብቻ አንድ የሕዝብ ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ወጣቱ ከወላጆቹ ቤት ሳይርቅ፣ ብዙ ወጪም ሳያወጣ፣ የከፍተኛ ትምህርትን የመጀመሪያ ዓመታት ይማር የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በየከተማው በዝተው ነርሱንም፣ መካኒኩንም፣ የሒሳብ ሠራተኛውንም የሚያፈሩ ሆኑ። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ተከፋፍለው የያዙት የመምህራን፣ የጤና፣ የግብርና፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። የቴክኒክ ትምህርት በአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ የሆነው እንዲህ ያለው ትምህርት እስከ ሰቆጣ መድረሱ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ ተማሪ ለትምህርት ሲል አገር ጥሎ ይሄድ ነበር። ዜማ ለመማር ወደ አንዱ ደብር፣ ቅኔ ለመቀኘት ወደ ሌላው፣ መጻሕፍትን ለመተርጐም ወደ ሦስተኛው፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ይለምን ነበር። ይህ ስደት ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርቷል፤ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን ትምህርቱ ወደ ልጁ ቢመጣ ዕውቀቱ ይቀልላል ማለት አይደለም። ይልቁንም በመንገድ የሚደክመው ጉልበት ለመማሪያ ይተርፋል፤ በስደት ትምህርት ዕድል ያልነበራት ሴት ልጅም ከቤቷ ሳትርቅ ትማራለች።

በመጀመሪያ የመምህራኑን ኮሌጅ እንመልከት። በቀድሞው ዘመን መምህር ለመሆን የሚፈልግ የዋግ ልጅ እንደ ጎንደርና እንደ ደሴ ወዳሉ ሩቅ ከተሞች መሄድ ነበረበት። ከዚያም ተመርቆ ሲወጣ ወደ ሌላ አውራጃ ሊመደብ ይችል ነበር። ወደ ዋግ ቆላ የሚላከው መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ነበር። ኽምጣኛ ብቻ ከእናቱ አፍ ሰምቶ ያደገ ሕፃን በሰባት ዓመቱ ከክፍል ገብቶ የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ፣ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ እንዲማር ይገደዳል። ዝም ሲል ሰነፍ ይባላል፤ ሰነፍ ሲባል ትምህርቱን ይተዋል።

አባቶቻችን ይህን ነገር ቀድመው አውቀውታል። የግዕዙን መጽሐፍ ሲያስተምሩ አንድምታውን በአማርኛ የተረጐሙት ደቀ መዝሙሩ በሚያውቀው ቋንቋ ወደማያውቀው እንዲሻገር ነው። በአማራ ክልል የእናት ቋንቋ ትምህርት ሲፈቀድ ኽምጣኛም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ነገር ግን ቋንቋው ከመጽሐፍ ላይ ቢጻፍ፣ የሚያስተምርበት ሰው ከሌለ ምን ይረባል? በዋግ የኽምጣኛ መምህር የሚገኘው ከዋግ ልጅ ነው። የሰቆጣ የመምህራን ኮሌጅ ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው፤ አገሩ ለራሱ ልጆች ከራሱ ልጆች መምህር እንዲያወጣ ማድረግ።

ሁለተኛው የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ተማሪው ከመጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት፣ በእጁ የሚሠራው ብዙ እንዲሆን ታስቧል። ሥልጠናው በደረጃ ተከፍሎ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዱም ሙያ ሠራተኛው ማወቅና መሥራት የሚገባው ነገር በጽሑፍ ተወስኖለታል። ተማሪው በኮሌጁ መሥሪያ ክፍል ከተለማመደ በኋላ ወደ ድርጅት ወይም ወደ ባለ ሙያ ሱቅ ሄዶ ከሥራው ጋር ይተዋወቃል፤ ይህም የትብብር ሥልጠና ይባላል። በመጨረሻም ያስተማረው መምህር ሳይሆን ሌላ መዛኝ ብቃቱን ይመዝነዋል። የግንባታ ሥራ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የመኪና ጥገና፣ ልብስ ስፌት፣ ኮምፒዩተር፣ የሒሳብ አያያዝ የመሳሰሉት ሙያዎች በአገራችን እንዲህ ባሉ ኮሌጆች ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ ለዋግ ገበሬ ምን ያደርግለታል ለሚል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የዋግ ማር በጥራቱ የታወቀ ነው። በባህላዊው ቀፎ ንቡ እንጀራውን ከቀፎው ግድግዳ ጋር ስለሚያጣብቅ፣ ማሩ ሲቈረጥ እንጀራው አብሮ ይፈርሳል፤ ንቡም ሰሙን እንደ ገና ለመሥራት ብዙ ማር ይበላል፣ ብዙ ቀንም ይደክማል። በዘመናዊው ቀፎ ግን እንጀራው በተንቀሳቃሽ ፍሬም ላይ ይሠራል። ፍሬሙ ወጥቶ በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ማሩ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ እንጀራው ሳይፈርስ ወደ ንቡ ይመለሳል። ንቡም ጊዜውን ለማር ያውለዋል።

አሁን በዚህ አንድ ሥራ ስንት ሙያ እንዳለ ቍጠሩ። ቀፎውን በትክክለኛ ልክ የሚሠራ አናጢ ያስፈልጋል፤ ልኩ ጥቂት ቢዛባ ንቡ ክፍተቱን በሰም ይደፍነዋልና። የሚሽከረከረውን መሣሪያ የሚበይድና የሚጠግን ብረት ሠራተኛ ያስፈልጋል። የፊት መሸፈኛውንና ልብሱን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ያስፈልጋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ገቢና ወጪ የሚመዘግብ የሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እነዚህ አራት ሰዎች ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ከሆነ የማሩ ትርፍ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፤ ከሰቆጣ የሚወጡ ከሆነ በሰቆጣ ይቀራል።

ተከዜም እንዲሁ አዲስ ሥራ ይዞ መጥቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ውኃውን ወደ ኋላ አቍሮ ሰፊ ሐይቅ ሠራ። ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ የዋግ ኽምራ ወጣቶችም አባቶቻቸው የማያውቁትን የዓሣ ማስገር ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን ዓሣ በቆላ ሙቀት አንድ ቀን አያድርም፤ መረብ የሚጠግን፣ ጀልባ የሚሠራ፣ ማቀዝቀዣ የሚያድስ እጅ ይፈልጋል። በሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ድርቅ የሚችለውን የአበርገሌን ፍየል፣ ንቡንና ለደረቅ አገር የሚስማማውን እህል ይመረምራል። የምርምር ውጤት ከመደርደሪያ ወርዶ ከገበሬው ማሳ የሚደርሰው ግን በመካከል የሠለጠነ ሰው ሲኖር ነው።

እንዲህ ያለ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ከንቱ ነው የሚል ቢኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያስታውስ። ይህ ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ታስቦ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው በየሙያ ማሠልጠኛው አንድ ዓመት ተማሩ። በመላው አገር ከ30,000 በላይ ሆነው ሐኪም ደርሶበት በማያውቅ መንደር ሁሉ ክትባትን፣ የእናቶችን ጤናና ንጽሕናን አስተማሩ። ሐኪሞችም አልነበሩም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገቡም፤ ነገር ግን የብዙ ሕፃናት ሕይወት በእነርሱ እጅ ተርፏል።

የሰቆጣ ስም በዓለም የተሰማውም በዚሁ በሕፃናት ጉዳይ ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ አስታወቀ። ቃል ኪዳኑ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2030 ዓመት ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን፣ ከምግብ እጥረት የሚመጣ የዕድገት መቀጨጭ ለማጥፋት ነው። ሥራው መጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነበር። ቃል ኪዳን ግን በወረቀት አይፈጸምም። ምንጭ የሚያጐለብት፣ የውኃ ፓምፕ የሚተክል፣ የጓሮ አትክልት የሚያስተምር፣ ሕፃን የሚመዝን ሰው በየቀበሌው ይፈልጋል። ያን ሰው ከየት እናመጣለን? ከዚያው ከአገሩ ኮሌጅ ካልሆነ ከሌላ አይገኝም።

በአንጻሩ በየቤታችን ያለውን አስተሳሰብ እንይ። ወላጅ ሁሉ ልጁን ዶክተር ወይም መሐንዲስ አድርጎ ማየት ይመኛል፤ ምኞቱ አይነቀፍም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆኑት፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ለጥቂቶች የማካካሻ ትምህርት ተከፍቶላቸዋል። የቀሩትስ? በእነዚያ ዓመታት ከመቶው ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በቤተሰቡ ፊት ወዳቂ ተብሎ ቆመ። ጦርነትና ግጭት ትምህርት ቤቱን በዘጋበት አገር ያደገ ልጅ ደግሞ የወደቀው በስንፍናው ብቻ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባን ልጅ የጠፋ ልጅ አድርገን ከቈጠርነው፣ ከአንድ አገር ልጆች የሚበዙትን በገዛ አፋችን አጠፋናቸው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ለእጅ ሙያ ያለን ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ጥበብ የሚሸምነውን በክፉ ስም መጥራት በአገራችን የቈየ በሽታ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከብዙ ቤት አልወጣም። እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ በዚህ ነገር ምክንያት የለንም። ጻድቁ ዮሴፍ ጸራቢ ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የደብተራ ኦሪትን ዕቃ የሠራው ባስልኤልም ጥበቡን ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበለ መጽሐፍ ይነግረናል። እነዚህን እያከበርን ልጃችን አናጢ ሲሆን የምናፍር ከሆነ፣ የምናፍረው በልጃችን ብቻ አይደለም።

በእርግጥ ኮሌጅ መኖሩ ብቻ ነገሩን አይፈጽመውም። የብየዳ መሣሪያ የሌለበት የብየዳ ክፍል ባዶ ቤት ነው። መብራት የሚቋረጥበት መሥሪያ ቦታ ሥልጠናውን ያጓድላል። ተመራቂውም የምስክር ወረቀት ይዞ፣ መጋዝ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው ከበፊቱ የሚሻልበት ነገር የለም። ስለዚህ ለኮሌጁ ዕቃ፣ ለተመራቂው ብድርና ገበያ ማዘጋጀት የመንግሥትና የሕዝብ ዕዳ ነው። ከዋግ ወጥቶ በከተማ የከበረ፣ ወይም በውጭ አገር የሚኖር የአገር ተወላጅ አንድ የስፌት መኪና ወይም አንድ የአናጢ መሣሪያ ሣጥን ቢልክ፣ ገንዘቡ ዓመት ከዓመት ፍሬ ይሰጣል።

ወላጆችም ልጃቸውን ወደ ሙያ ትምህርት ከመላካቸው በፊት ጥቂት ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው። ልጁ የሚገባበት ሙያ በአካባቢያችን ይፈለጋልን? የተግባር ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው? ለትብብር ሥልጠና ወዴት ይልኩታል? ከቀደሙት ተመራቂዎች መካከል ወደ ብቃት ምዘና ቀርበው ያለፉት ስንት ናቸው? እነዚህን የሚጠይቅ አባት ልጁን ከመጥቀሙ በላይ ኮሌጁንም ያተጋዋል። ስለ ሴት ልጅም ሲሆን፣ ስፌትና ምግብ ሥራ ብቻ ይበቃታል አትበሉ። ኤሌክትሪክ ሴትን ከወንድ ለይቶ አያውቅም፤ ለሚያውቀው እጅ ይታዘዛል።

ልጁም ኮሌጅ ሲገባ ቤተሰቡ እንደ ተሸነፈ ሰው አይሸኘው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚደረገው ምርቃት ለእርሱም ይደረግለት። ሲመለስ የመጀመሪያውን በር ለአባቱ ቤት፣ የመጀመሪያውን ቀፎ ለጎረቤቱ፣ የመጀመሪያውን የእጅ ሥራውንም ለደብሩ ቢሠራ፣ ሰፈሩ ሙያውን በዓይኑ አይቶ ያከብረዋል። ክብርም በስብከት ብቻ አይመጣም፤ በሚጸና በርና በማያፈስ ጣራ ይመጣል።

የዋግ አባቶች አለቱን ሲፈለፍሉ ድንጋይ ከሩቅ አገር አላስመጡም፤ ቆመው የነበሩበትን ተራራ ቤተ መቅደስ አደረጉት። የዋግ ልጆችም ሩቅ አገር ያለውን ሀብት ከመመኘት በፊት፣ በእግራቸው ሥር ያለውን ማር፣ ውኃ፣ ፍየልና ድንጋይ በሠለጠነ እጅ እንዲሠሩበት ኮሌጁ ከደጃቸው ተተክሏል። ደጁን ከፍቶ ልጁን መላክ የእኛ የወላጆች ሥራ ነው፤ ማጽናቱና መባረኩ የልዑል እግዚአብሔር ነው።